የጠራው ብልቃጥ

ችግሩ ሲጀመር ትንሽ ነበር፤ ብልቃጦቹ በሦስተኛው ወር ይደፈርሳሉ።

ከፋብሪካው ሲወጡ እንደ ምንጭ ውሃ የጠሩ ናቸው። በመጀመሪያው ወርም ምንም አይታይባቸውም። በሁለተኛው ወር ብልቃጡን በመብራት ፊት ዘንበል ሲያደርጉት ከሥሩ እንደ ጭስ የቀጠነ ክር ይነሣል። በሦስተኛው ወር ወተት ጠብ የተደረገበት ይመስላል። የደፈረሰ ብልቃጥ ደግሞ ለሰው አይሰጥም፣ ይጣላል። ውስጡ ያለው የእባብ መርዝ ማርከሻ ነው፤ የተነደፈ ሰው ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ነገር ጉድፍ አይፈቀድለትም።

ይህን ቀድማ ያየችው ሥራዋ ማየት የሆነ ሴት ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ በተቀባ ሰሌዳ ፊት ተቀምጣ፣ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሣች ገልበጥ፣ ቀና፣ ዘንበል አድርጋ ታያለች። ነጭ ጉድፍ በጥቁሩ ላይ ይጋለጣል፤ ጥቁሩ በነጩ ላይ። በቀን ስምንት መቶ ብልቃጥ በእጇ ያልፋል። የሥራ ባልደረቦቿ «ማጉያ» ይሏታል። ባሏ አምሽቶ ሲገባ ሳይቀር ወደ መብራት አዙራ ነው የምታየው ብለው ያሟታል። እሷም ሐሜቱን አልካደችም።

ከሰሌዳው በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ጽሑፍ አለ፦ «የደፈረሰ ይጣላል፤ የጠራ ያልፋል።» ማን እንደጻፈው የሚያስታውስ የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንብባዋለች፣ አንድም ቀን አልተጠራጠረችውም።

ከግቢው ማዶ፣ ከፈረሶቹ ጋጣ ጀርባ፣ ባለ ሁለት በር ቤት አለ። እባቦቹ እዚያ ናቸው። እባቦቹን አንገታቸውን ይዞ መርዛቸውን በመስታወት ላይ የሚያስተፋው የእሷው ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፣ እሷ ናት ያሳደገችው። ከእጁ የማይለየውን ብረት አይተው «መንጠቆ» ብለው ሰይመውታል። መርዙ በጥቂት በጥቂቱ ለፈረሶች ይወጋል፤ ፈረስ ትልቅ እንስሳ ነውና ይችለዋል፤ ደሙ ቀስ በቀስ መርዙን አንቆ የሚይዝ ፕሮቲን ያበጃል። ያ ፕሮቲን ከደሙ ተለይቶ፣ ተጣርቶ፣ ታጥቦ ነው ብልቃጥ ውስጥ የሚገባው።

ከስድስት ዓመት በፊት መንጠቆ አውራ ጣቱን ተነድፎ ነበር። ሁለት ብልቃጥ ተሰጠው፤ በማግስቱ ተነሥቶ ምግቡ ጨው የለውም ብሎ አማረረ። ለዚህ ነው የሦስተኛው ወር ድፍርስ ለእሷ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ ያልነበረው። በእባብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለችው ትንሽ ቁም ሣጥን ማርከሻ ትይዛለች። እያንዳንዱ የደፈረሰ ብልቃጥ በወጣ ቁጥር ቁም ሣጥኗ ትጎድላለች።

«ስድስት ነበሩ፣ አራቱን አንቺ ጣልሽብኝ» አላት አንድ ቀን። «እባብ ይገድለኛል ስል እህቴ ቀደመቻ!»

«አፍህን ያዝ!»

«አፌን ይዤ እጄን ማን ይይዝልኛል?»

እሷ ግን አልሳቀችም። በዚያው ሳምንት ወደ ጋሼ ሄደች።

ጋሼ የፋብሪካው የመጀመሪያ ኬሚስት ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከአንድ የልብስ ስፌት ቤት በላይ ባለ ክፍል ይኖራሉ፤ ከታች የስፌት መኪናው ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ብርጭቆ ውሃ ክብ ክብ ሞገድ ይሠራል። ጥያቄዋን ሰምተው ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«ሰው ሁሉ ውሃን ዝም ብሎ የሚያርስ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው» አሉ። «ውሃ ግን ፊትና ጀርባ አለው፣ ልጄ። እያንዳንዷ የውሃ ሞለኪውል በአንድ ወገን ኦክስጅን ናት፤ ያ ወገኗ አሉታዊ ነው። በሌላው ወገን ሁለት ሃይድሮጅን አላት፤ ያ ደግሞ አዎንታዊ። ስለዚህ አንዷ ፊቷን ለሌላዋ ጀርባ ሰጥታ ይያያዛሉ። ተያይዘው ግን አይቆዩም። ይለቃቀቃሉ፤ ሌላ ይይዛሉ። ዓይንሽ አንድ ጊዜ እስኪርገበገብ በመቶ ቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ!»

«ታዲያ ይህ ረግቶ የተቀመጠው ውሃ…»

«የረጋው ብርጭቆው ነው! ውሃው ውስጥ ገበያ ነው።»

ከዚያ ጨው ጨመሩበት፣ በእጃቸው ሳይሆን በቃላቸው። ጨው ሲሟሟ ይከፈላል፤ አዎንታዊ አዮንና አሉታዊ አዮን ይሆናል። አዎንታዊው ሲመጣ በዙሪያው ያሉት ውሃዎች ሁሉ ኦክስጅናቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ፤ አሉታዊው ሲመጣ ደግሞ ሃይድሮጅናቸውን። አንድ ሰው ወደ ክፍል ሲገባ ወንበሮች ሁሉ ክርር ብለው ወደ እሱ እንደሚዞሩ ማለት ነው። አጥብቆ የሚይዛቸው አለ፣ ላላ አድርጎ የሚይዛቸውም አለ።

ፕሮቲኑስ? ፕሮቲን ረጅም ክር ነው፤ ግን ተጠቅልሎ የተቋጠረ ክር። ከክሩ ላይ ውሃ ወዳድ ቦታዎች አሉ፤ እንደ ዘይት ውሃን የሚሸሹም አሉ። ሸሺዎቹ ወደ ውስጥ ይደበቃሉ፣ ወዳዶቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ቅርጹ የሚጸናው በዚህ ነው፤ መርዙን የሚያንቀውም ያ ቅርጽ ነው። በውጭው ላይ ውሃው እንደ ልብስ ይሸፍነዋል። ለፕሮቲኑ የተጠጋው ውሃ ከሩቁ ውሃ ይልቅ ዝግ ብሎ ይንቀሳቀሳል፤ ልክ ሽማግሌ ደግፎ እንደሚሄድ ሰው።

«አሁን የሐኪም ቤት የወረፋ ክፍል አስቢ» አሉ ጋሼ፤ እያስረዱ ሲሄዱ ድምፃቸው ወጣት እየሆነ ነበር። «ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸውን ልጆቻቸው ይዘዋቸዋል። አንድ ትልቅ ጌታ ገባ። ልጆቹ ሁሉ ብድግ! ወደ ጌታው! ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን ቀሩ። ምን ያደርጋሉ?»

«ተጠጋግተው ይቀመጣሉ።»

«አበጀሽ! ድፍርስ ያልሽው እሱ ነው። ፕሮቲኑን ከፈረሱ ደም ስንለይ የምንጨምረው ጨው እንዲህ ያለ ጌታ ነው። ውሃውን ሲወስድባቸው ፕሮቲኖቹ ተጠጋግተው ይሰበሰባሉ፣ እኛ እንለቅማቸዋለን። ከዚያ ታጥቦ መውጣት አለበት። ትንሽ ከቀረ ግን ብልቃጡ ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ሌላ ዓይነት ጨው ደግሞ አለ። እሱ ጌታ አይደለም። ውሃውን አጥብቆ አይይዝም፣ ማንም አይነሣለትም። እሱ ባለበት ፕሮቲኖቹ አይጠጋጉም፣ ውሃውም ጥርት እንዳለ ይቆያል። ግን…»

ሰዓቷን አየች። የመጨረሻው አውቶቡስ ሊያመልጣት ነው። ከወንበሯ ተነሣች፤ በልቧ የተሰማት አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ ጥርት እንዳለ።

«ግኑን ነገ ይነግሩኛል፣ ጋሼ!» ብላ ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

ያቺ «ግን» እዚያው ደረጃ ላይ ሰባት ወር ተቀመጠች።

ማጉያ በማግስቱ የተበላሹ ብልቃጦች ይሰጡኝ ብላ የምርት ኃላፊውን ለመነች። ሃያ አራት ብልቃጥ በአራት ረድፍ ደረደረች፤ በየረድፉ የተለያየ ጨው፣ በየብልቃጡ የተለያየ መጠን፤ ሁሉንም በቀይ እርሳስ ቁጥር ሰጠች። የሦስተኛው ረድፍ ጨው ስሙ ከአያቷ ስም ይረዝም ነበር። በአሥረኛው ቀን ሌሎቹ ረድፎች እንደ ደመና ሲሆኑ ሦስተኛው ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ብርሃን ያሳልፍ ነበር። አምስተኛው ብልቃጥ፣ ማለትም ለሰው ጉዳት የማያደርስ ትንሽ መጠን ያለው፣ እንባ ይመስላል።

«ጠራ! ጠራ!» እያለች ግቢውን አቋርጣ ወደ ወንድሟ ሮጠች።

መንጠቆ በሩ ላይ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። «ማንን ጠራ?» አላት። «እኔን እንዳይሆን ብቻ!»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ፈረሶቹ እንኳ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

አዲሱ ብልቃጥ በአይጦች ተፈተነ፤ በመጀመሪያው ቀን አለፈ፣ በሠላሳኛው ቀንም አለፈ። ኃላፊው የምስክር ወረቀት ሰጣት። ቁም ሣጥኗ ሞላች፤ ካርቶን ካርቶን ብልቃጥ ወደ ሐኪም ቤቶች ተጫነ። ሦስተኛው ወር መጣ፣ አልደፈረሰም። አምስተኛው መጣ፣ አልደፈረሰም። የሚጣል ስለሌለ የእሷ ክፍል የቀድሞ ወሬውን አጣ፤ ገልበጥ፣ ቀና፣ ዘንበል፣ ያልፋል። ገልበጥ፣ ቀና፣ ዘንበል፣ ያልፋል።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።

በሰባተኛው ወር፣ ከመጀመሪያው አዲስ ምርት ለማስረጃ ተለይተው ከተቀመጡት ብልቃጦች አንዱን አነሣች። ማጉያ ለማንም ያልነገረችው አንድ ልማድ ነበራት፦ ብልቃጡን ገልብጣ ስታቀና ከላይ የሚሠራው አረፋ እስኪጠፋ ድረስ በልቧ ትቆጥራለች። ሁልጊዜ አሥራ አንድ ላይ ይጠፋል። ማንም አላዘዛትም፤ እጅ ሥራ ሲለምድ ልብ የራሱን ጨዋታ ይፈልጋል።

አሥራ አንድ አለች። አረፋው አለ።

ሃያ አለች። ሠላሳ። አርባ ላይ ስትደርስ በብልቃጡ አንገት ዙሪያ ነጭ ቀለበት ሠርቶ ተቀምጧል። ፈሳሹ ግን ጥርት እንዳለ ነው። ሌላ አነሣች፤ እሱም አርባን አለፈ። ሌላ። ሌላ። ጉድፍ የለም፣ ክር የለም፣ ደመና የለም፤ የሚታይ ምንም ነገር የለም። የፈራችውም ይህንኑ ነው።

ከሥራ እንደወጣች የጋሼን ደረጃ ወጣች።

«ያቺን ‹ግን› ልሰማ ነው የመጣሁት» አለች።

ጋሼ ስለ አረፋው እስክትጨርስ አዳመጧት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያ ሁለተኛው ጨው» አሉ፣ «ማንም የማይነሣለት እንግዳ ነው ብዬሽ ነበር። ግን ሰው ያልተነሣለት እንግዳ የት ይቀመጣል? ውሃው አጥብቆ ስላልያዘው ከሽማግሌዎቹ ጎን ሄዶ ይለጠፋል። ቀስ ብሎ ያንሾካሹካል። ቤት አፍራሽ ነው፣ ልጄ። በውስጥ የተደበቁትን፣ ውሃን የሚሸሹትን፣ ‹ኑ ውጡ፣ ምንም አይደለም› ይላቸዋል። በአንድ ቀን አይደለም፤ በአንድ ወርም አይደለም። ቋጠሮው ላላ፣ ላላ ይላል። ክሩ አይጠጋጋም፣ ስለዚህ አይደፈርስም። ተፈትቶ እንደ ጠራ ይንሳፈፋል። ቅርጹ የለም። መርዙን የሚይዝበት እጅ የለውም።»

«አረፋውስ?»

«ውሃን የሚሸሹት ቦታዎች ከወጡ ወዴት ይሄዳሉ? ከውሃው ይሸሻሉ። የውሃ ጠርዝ ደግሞ አረፋ ነው። እዚያ ላይ ተሰልፈው አረፋውን ያጸኑታል።» ምንም እንኳ እያዘኑ ቢሆንም ጣታቸውን አነሡ፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። «በዓይንሽ የማይታየውን በጆሮ እንደመስማት ነው ያገኘሽው! ማንም አላስተማረሽም እኮ።»

እሷ ደስታውን አልተካፈለችም። «እሺ፣ የደፈረሱትስ? የጣልኳቸውስ?»

«እነሱማ ተኝተው ነበር። ተጠጋግተው ይቀመጣሉ እንጂ ቋጠሯቸው አልተፈታም። ጨዉን አጥበሽ ብታወጪው ውሃው ይመለስላቸዋል፤ ልብሳቸውን ለብሰው ይነሣሉ። መፍትሔው ሌላ ጨው መጨመር አልነበረም፤ የመጀመሪያውን በደንብ ማጠብ ነበር። በእኔ ጊዜ ሦስት ቀን ነበር የምናጥበው። ዛሬ ስንት ነው?»

«አንድ ቀን።»

ከታች የስፌት መኪናው ተንቀጠቀጠ፤ በብርጭቆው ውስጥ ክብ ሞገድ ተነሣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሕያዋኑን ስትጥል ኖራ፣ ሰባት ወር ሙታኑን ስታሳልፍ ከርማለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ኃላፊው አልሰማትም ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ሰማት፣ ቡና ቀለም ባለው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ።

«አረፋ?» አላት። «ከአረፋ ተነሥቼ አንድ ሙሉ ምርት ላስቁም? እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ። አይጦቹ ሲመጡ እንፈትናለን፤ ሦስት ሳምንት ነው።»

«እስከዚያ ሰው ቢነደፍስ?»

«ብልቃጡን ወደ መብራት አንሺውና ንገሪኝ፤ ምን ይታይሻል?»

«ምንም።»

«አየሽ!»

ከእሱ ያገኘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከጄኔሬተሩ ጀርባ ለቃጠሎ የተከማቹ ሁለት ካርቶን የደፈረሱ ብልቃጦች ነበሩ፤ ማቃጠያው ስለተበላሸ ከዓመት በላይ የቆዩ። «ቆሻሻውን ከሆነ ውሰጂው» አለ። ለከተማው ሐኪም ቤትም ደወለች፤ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ማርከሻ እንዳላቸው ጠየቀች። የመድኃኒት ክፍሉ ሰው በትሕትና መለሰላት፦ «ያለን የእናንተው ነው። እንዴት ያለ ጥራት ነው፤ እግዜር ይስጥልን!» ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ እጇን ከላዩ አላነሣችም። ከዚያ ለሐኪም ቤቶቹ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ጻፈች፤ ከሥሩ የገዛ ስሟን ፈርማ ላከችው። እስከ ዛሬ መልስ የሰጠ የለም።

ወንድሟን ግን በቃል ነገረችው።

«ሰኞ አትገባም» አለችው።

«ሰኞ ካልገባሁ ሐሙስ ፈረሶቹ መርዛቸውን አያገኙም። ፈረሶቹ ካላገኙ ደማቸው ይረሳል። ያኔ የተፈታም የተቋጠረም ማርከሻ አይኖርም፣ እቴ።»

«ቁም ሣጥንህ ውስጥ ያለው ውሃ ነው እልሃለሁ!»

መንጠቆ ጓንቱን በእጁ አገላበጠ። «እንግዲያው ማንን እንደጠራ ታወቀ» አለ ቀስ ብሎ፤ ቀልዱ ግን ከአፉ እንደወጣ ሞተ። ከዚያ ተስማሙ፦ ሰባት እባቦች አሉ፤ እያንዳንዱን ጨርሶ ሣጥኑን በዘጋ ቁጥር መንጠቆውን ከውሃ ቧንቧው ጋር ያጋጨዋል። ቧንቧው በግቢው ሥር አልፎ በእሷ ክፍል ነው የሚወጣው። ሰባት ጊዜ ቋ ካለ ጨረሰ ማለት ነው።

ዛሬ ሰኞ ነው።

ማጉያ ካለፈው ዓርብ ጀምሮ እያጠበች ነው። የደፈረሱትን ብልቃጦች እንደ አንጀት የቀጠነ ልሙጥ ከረጢት ውስጥ ገልብጣ፣ ሁለቱን ጫፍ አስራ፣ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ በተሞላ ጋን ውስጥ አንጠልጥላዋለች። የከረጢቱ ቀዳዳዎች ለጨው ይሰፋሉ፣ ለፕሮቲን ይጠባሉ። ጌታው በቀዳዳው ሾልኮ ይወጣል፤ ውሃው ይገባል። የጋኑን ውሃ በየአራት ሰዓቱ ትቀይራለች። ቅዳሜ ከረጢቱ ወተት ይመስል ነበር። እሑድ ጭስ መሰለ። ዛሬ ጠዋት በጥቁሩ ሰሌዳ ፊት ስትይዘው የራሷ ጣቶች በወዲያ በኩል ታዩአት።

መጥራቱ ግን አያስደስታትም፤ መጥራትን ከእንግዲህ አታምንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ቋ።

አንድ አለች። ከረጢቱን ፈታ በማጣሪያው በኩል ቀስ አድርጋ ወደ ንጹሕ ብልቃጥ አሳለፈችው።

ቋ። ቋ።

ሦስት። ብልቃጡን ከደነች። የዚህ ብልቃጥ ማርከሻነት በአይጥ አልተፈተነም፤ ማኅተም የለውም፤ ያላት ፈተና በልቧ የምትቆጥረው ብቻ ነው።

ቋ።

አራት። ብልቃጡን ገለበጠችው፣ አቀናችው። አረፋው ከላይ ተሰበሰበ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። በማዶ ያለው ቤት ጸጥ ብሏል። አራት። አምስት። ትልልቆቹ አረፋዎች ፈረሱ። ስድስት። ሰባት።

ቋ።

አምስተኛው ሣጥን ተዘጋ። ስድስተኛዋ እባብ ወንድሟን ያኔ አውራ ጣቱን የነደፈችው ናት። ስምንት። በብልቃጡ አንገት ዙሪያ ቀጭን ቀለበት ቀርቷል። ዘጠኝ። ቀለበቱ በአንድ በኩል ተበጠሰ። አሥር። ጆሮዋን ወደ ቧንቧው አስጠጋች፤ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ የሚሄደው ውሃ ብቻ ይሰማል።

አሥራ አንድ። አረፋው የለም።

ስድስተኛውን ቋ መጠበቅ አልቻለችም። ብልቃጡን በመዳፏ ጨብጣ፣ ያዘጋጀችውን መርፌ በኪሷ ከትታ፣ በሩን በእግሯ ገፋችው። የግቢውን ግማሽ አልፋለች፤ ፈረሶቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ እባብ ቤቱ ያያሉ፤ እሷም እየሮጠች ጆሮዋ ከኋላዋ ክፍል ውስጥ ባለው ቧንቧ ላይ ነው።